«አላውቅም በይ» ያልኋት ልጄ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ሩዙ ታጭዶና ተወቅቶ ባለቀ ሰሞን ነው። ዓመት ሊሞላው ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አንዲት ሕፃን «አላውቅም» ስትል ከሰማሁ ደንግጬ ዞር እላለሁ። የልጄን ድምፅ የሰማሁ ይመስለኛል።

የምንኖረው ከወረታ በባጃጅ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። ሩዝ እናመርታለን፣ ጥቂት ከብትም አለን። ባንቻየሁ የመጀመሪያ ልጄ ናት። ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ሦስተኛ ክፍል።

አንድ ቀን መምህሯ አስጠራኝ። ለወቀሳ መስሎኝ መልሴን መንገድ ላይ አዘጋጅቼ ሄድሁ። ክፍል ውስጥ ሲጠይቋት «አላውቅም» ከማለት በቀር አፍ እንደሌላት ከፊተኛዋ መምህርት ሰምቼ ነበር። ይኸኛው ግን የሒሳብ ደብተሯን ከኋላ በኩል ገለጠና አሳየኝ። ከሰሌዳ ላይ ሳይጠፋ የቀረ የስድስተኛ ክፍል ጥያቄ ገልብጣ፣ በራሷ መንገድ ሠርታዋለች።

«ልጅዎ ትችላለች፤ ግን ትደብቃለች» አለኝ። የተለየ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች የሚፈትኑ ሰዎች ከባሕር ዳር ወደ ወረታ እንደሚመጡ፣ ወላጅ ከፈረመ እሷንም እንደሚያስመዘግባት ነገረኝ።

አልፈረምሁም። «ከአባቷ ጋር ልምከር» ብዬ ወጣሁ። ለምን እንደምትደብቅ ግን አሳምሬ አውቅ ነበር። ደብቂ ያልኋት እኔው ነኛ!

ከዚያ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ባንቻየሁ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ነገር በዓይኗ የምትይዝ ልጅ ናት። የተደረደረ ጆንያ ከጎኑ አይታ ስንት እንደሆነ ትናገራለች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ የጎረቤታችን የአያ ፈንታ ከብቶች በደጃችን ሲያልፉ፣ አጥሩ ላይ ቆማ «አያ ፈንታ፣ ከብትዎ ዛሬ ሃያ ሁለት ነው፤ ቦቃዋ ላም የለችም» አለቻቸው።

ወይ ጉድ! በእኛ አገር የሰው ከብት አይቆጠርም። ባለቤቱ ራሱ ሲጠየቅ «ተመስገን፣ አሉ» ይላል እንጂ ቁጥር አይጠራም። አያ ፈንታም ተቆጡ። «ሂጅ ወዲያ! የሰው ከብት የምትቆጥሪ ምን ሆነሽ ነው?» ብለዋት አለፉ። በማግሥቱ ቦቃዋ ላም ርብ ወንዝ ዳር ማጥ ውስጥ እንደተሰነቀረች ሞታ ተገኘች።

ከዚያማ ሰው አፉን ከፈተ። ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቆማሉ። አንዲቱ ባንቻየሁን ስታይ ያዘለችውን ልጅ ፊቱን በነጠላ ሸፈነችው። በዓይኔ በብረቱ ነው ያየሁት። በእኛ ዘንድ አንዴ «ዓይኗ መጥፎ ነው» የተባለች ልጅ መጨረሻዋ አያምርም። ማን ያገባታል? ማንስ ቤቱ ያስገባታል?

የዚያን ዕለት ባንቻየሁን ፊቴ አስቀምጬ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ማንም ምንም ቢጠይቅሽ አላውቅም በይ። ዝም አይነቅዝም» አልኋት። ጆሮዋንም ቆንጠጥ አድርጌያት ነበር። እሷም እንዳልኋት አደረገች።

ባለቤቴ የመምህሩን ነገር ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። «ካላለፈች ታፍራለች፤ ካለፈች ደግሞ ያ ወሬ እንደገና ይነሣል። በየትኛው ልንጠቀም ነው? ተይ አንች ሴት፣ የተዳፈነ እሳት አትቆስቁሽ» አለኝ። እውነቱን ነው አልሁ። በማግሥቱ ደግሞ ኧረ አይደለም አልሁ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ ስዋልል ሰነበትሁ።

ያስቆረጠኝ ትንሽ ነገር ናት። ታናሽ ወንድሟ፣ ገና የሦስት ዓመት ልጅ፣ እጁን ዘርግቶ «ጣቴ ስንት ነው?» አላት። «አላውቅም» አለችው። በገዛ ቤቷ፣ ለገዛ ወንድሟ! እኔ ከሰው ዓይን ልደብቃት ብዬ ነበር፤ ለካ ከእኛም ተደብቃለች።

ሲነጋ ሄጄ ፈረምሁ። ለባለቤቴ የነገርሁት ከፈረምሁ በኋላ ነው። ሁለት ቀን ተኮራረፍን። ያኩርፍ! እኔ ከቆረጥሁ ቆረጥሁ ነው።

የፈተናው ቀን ጸጉሯን ሠርቼ፣ እርሳሷን ቀርጬ በባጃጅ ወረታ ወሰድኋት። ግቢው ልጅና ወላጅ ሞልቶበታል። ስሟ ሲጠራ ገባች። ብዙም ሳትቆይ ፈታኟ ሴት እጇን ይዛ አወጣቻት።

«እህቴ፣ ልጅሽ ለሁሉም ጥያቄ አላውቅም ነው የምትለው። ፈርታ ይሆናል። ለሌላ ጊዜ ብትሞክር ይሻላል» አለችኝ።

ሁሉን አዘጋጅቼ ዋናውን ረስቼዋለሁ። አላውቅም በይ ያልኋትን አላነሣሁላትም! ልጅቱ ቃሌን ጠብቃ ነው የወጣች።

«ሌላ ጊዜ አይሆንም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ጥቂት ላነጋግራትና መልሰሽ አስገቢልኝ» አልኋት።

«ተራዋ አልፏል እኮ።»

«እንግዲያው እስክትገባ ድረስ ከዚህ በር አልነቃነቅም» አልሁና ቆምሁ። ሰው ሁሉ ያየኛል፣ ይየኛ! ሴትዮዋ ፊቴን አየት አድርጋ፣ «በይ እሽ፣ መጨረሻ ላይ ትግባ» አለች።

ባንቻየሁን ዛፍ ሥር ወስጄ፣ «ያን ጊዜ ያልሁሽን ተይው። ዛሬ የምታውቂውን ሁሉ ተናገሪ» አልኋት። አንገቷን ደፋች።

«እማ፣ ሌላ ላም ብትሞትስ?»

አልገባኝም። «የምን ላም?»

«ያኔ እኔ ስቆጥር የአያ ፈንታ ላም ሞተች። አሁንም ብቆጥር የእኛዋ ብትሞትስ? አንች ብትሞችስ?»

አጠገቧ መሬቱ ላይ ቁጭ አልሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ! እኔ ወሬውን ነው የፈራሁ። እሷ ግን ላሟን የገደልሁ እኔ ነኝ ብላ አምና፣ ማንንም እንዳትገድል አፏን ዘግታ ነው የኖረች። ወንድሟን ጣቱን ያልቆጠረችለት ለዚህ ነው። አለቀስሁ።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ላሟን የገደላት ማጡ ነው። አንች ያየሽውን ተናገርሽ እንጂ ማንንም አልገደልሽም» አልኋት።

«እስቲ ማይልኝ።»

ማልሁላት።

ገብታ ከሌሎቹ ልጆች ሁሉ በላይ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። «አንዱን ጥያቄ ብቻ አላውቅም ብያለሁ። እሱን ግን እውነትም አላውቀውም» አለችኝ። እያለቀስሁ ሳቅሁ።

እኔ ግን አልጨረስሁም። ቃሌ ብቻ እንደማይበቃት ገብቶኛል። ከወረታ እንደተመለስን እጇን ይዤ በቀጥታ አያ ፈንታ ደጅ ሄድሁ። ከብቶቻቸውን ወደ በረት እያስገቡ ነበር። ልጄ የነገረችኝን አንድ ሳላስቀር ነገርኋቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ጎንበስ አሉላት።

«ስሚኝ የኔ ልጅ። ላሜን የገደልኋት እኔ ነኝ» አሏት። «ስትነግሪኝ ሰምቼ ብመለስ ኖሮ በገመድ ጎትተን እናወጣት ነበር። ሕፃን ነገረችኝ ብዬ ናቅሁ። በኋላ ሰው አንችን ሲያማ ደግሞ፣ ጥፋቴ እንዳይታወቅ ዝም አልሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

ቀና ብለው ወደ ከብቶቹ አመለከቷት። «በይ እስቲ፣ አሁን ቁጠሪልኝ።»

ወደ እኔ አየች። ራሴን ነቀነቅሁላት። አንድ ጊዜ በዓይኗ ዳሰሰቻቸውና፣ «ሃያ ሰባት። አንድም አልጎደለ» አለች።

«እሰይ!» አሉ አያ ፈንታ።

ያንን ፈተና አልፋ ዘንድሮ ለሁለተኛ ዙር ባሕር ዳር ጠርተዋታል፤ እንሄዳለን። አባቷም አሁን ከእኔ በላይ የሚቸኩል እሱ ሆኗል። ብታልፍ ደስታዬ ነው፤ ባታልፍም ያንን ወረቀት መፈረሜ አይቆጨኝም። የሚቆጨኝ ያቺ ሁለት ዓመት ናት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ልጄ ሆድ ውስጥ ግን ሲነቅዝ ኖሯል።

ልጁን በነጠላ የሚሸፍን ዛሬም አለ። ይሸፍን። አያ ፈንታ ግን ከብቶቻቸውን ይዘው በደጃችን ባለፉ ቁጥር፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው «ባንቻየሁ! ሙሉ ናቸው?» ይሏታል። እሷም አጥሩ ላይ ወጥታ፣ ከእሳቸው በላይ ጮክ ብላ ትመልሳለች።