ሎሚ የነካው ፔኒ

ጋሽ ጥሩነህ አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ ውስጥ በአንድ የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ ተቀባይ ነበር፤ እኔም እዚያው በሌላኛው በር እሠራ ነበር። በ1983 የወጡ አንዳንድ ፔኒዎች፣ ማለትም የአሜሪካ ባለ አንድ ሳንቲሞች፣ ጀርባቸው ላይ ያለው ጽሑፍ በስህተት ሁለት ጊዜ ተደራርቦ እንደተመታ፣ ሰብሳቢዎችም አጥብቀው እንደሚፈልጓቸው ከሰማ ወዲህ እረፍት አጣ። አርብ አርብ ከባንክ ፔኒ በጥቅል ያመጣና እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ ያገላብጣል። «የተበላሸው ከደህናው ይበልጣል» ሲለን እንስቅበታለን። ከሁላችንም የምትብሰው ሚስቱ እትዬ እጅጋየሁ ነበረች። «ሰው ዶላር ይለቅማል፣ የኔው ጉድ ፔኒ!» እያለች እንግዳ ፊት ታሸማቅቀዋለች። እንደሚከፋው እያየሁ አብሬ እስቅ ነበር፤ ዛሬም በራሴ እናደዳለሁ።

በ1987 አገኘው። ማጉያ መነጽሩን ተቀብዬ ባየው፣ እውነትም እያንዳንዱ ፊደል ድርብ ነው። እትዬ እጅጋየሁም አየችው፤ ያን ቀን አልሳቀችም። ቅዳሜ ሳን ሆዜ የሳንቲም ሰብሳቢዎች ገበያ ስለነበረ በእኔ መኪና ልንሄድ ተቀጣጠርን። የሁላችንም አፍ የሚዘጋበት ቀን ነበር።

ነጋዴው ፔኒውን አገላብጦ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ስህተቱስ እውነተኛ ነው። ግን ማን ነው ያሸው? አንዴ ከታሸ ሰብሳቢ አይነካውም» አለን።

ያ ጠቋቁሮ የነበረ ፔኒ ቦግ ብሏል። ጋሽ ጥሩነህ አሸተተው፤ ሎሚ ሎሚ ይላል። እትዬ እጅጋየሁ፣ እናቷ በበዓል ዋዜማ የአንገት ብራቸውን በሎሚ እያሹ እንደሚያጠሩት ስንቴ አጫውታናለች። የጠቆረ ብር አድርጎ ሰው ፊት መቅረብ ለእነሱ ነውር ነው።

ፔኒውን በመሐረብ ጠቅልሎ ኪሱ ከተተና ወደ ቤት ተመለስን።

«ጋሼ፣ ንገራት እንጂ» አልኩት።

«አራት ዓመት ስቃብኛለች። ትናንት ግን አመነችኝና ሰው ፊት እንዳላፍር አሸችልኝ። ምን ብዬ ነው የምነግራት? አንተም እንዳትተነፍስ!»

በር ላይ ቆማ ጠበቀችን። «እህሳ?»

«እውነተኛ ነው አሉ። እኔ ግን አልሸጥም አልኩ።»

ከዚያ እሑድ ጀምሮ ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። እየተሻሙና እየተጨቃጨቁ ሲለቅሙ ማየት እንዴት ደስ ይል ነበር! ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ ያ ጠረጴዛ ይናፍቀኛል።

በሁለተኛው ዓመት አንድ እሑድ በረንዳ ላይ ቆመን ስናወራ «ጥሩነህ! እኔም አገኘሁ!» ብላ ጮኸች። ሮጠን ገባን። ፊደሉ ድርብ ነው፤ ፔኒው ያብረቀርቃል፤ አጠገቡ የተጨመቀ ሎሚ ተቀምጧል።

ጋሽ ጥሩነህ ፔኒውን አየ፣ ሎሚውን አየ፣ ግንባሯን ሳማት።