ዳማከሴው ላይ የተጻፈው

ጣሊያን ከወጣ ጥቂት ዓመታት ሆኖት፣ ከጎንደር በስተሰሜን ወዳለ አንድ የደጋ መንደር አስተማሪ ሆኜ ተላክሁ። የአራዳ ልጅ ነኝ፤ ጎረቤት ሲጨቃጨቅ እየሰማሁ ያደግሁ። እዚያ ግን ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ በኋላ የምሰማው የሰው ድምፅ የራሴው ሳል ነበር።

ስሄድ እናቴ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ የሰጠችኝን የዳማከሴ ቅርንጫፍ አጥሬ ሥር ተከልሁት። ምች ቢመታኝ ብላ መስሎኝ ነበር። ዳማከሴ ግን ከመድኃኒትነቱ በፊት ጎረቤት ያመጣል። ምች የመታው ሰው ቅጠሉን ጨምቆ ይጠጣል፣ ፊቱንም ይታሻል፤ ዳማከሴ ያለው ሰው ደግሞ አይከለክልም። ቁጥቋጦው ወገቤ ሲደርስ፣ በየቀኑ አንዱ አጥሬ ጥግ ቆሞ «ቤቶች!» ይል ጀመር። እኔም የታመመው ማን እንደሆነ እጠይቃለሁ፤ ቶሎ እንዳይሄዱብኝ ቅጠሉን ቀስ እያልሁ እቀነጥሳለሁ። አላፍርም፤ እንዲያ ነበርሁ።

ከሁሉ አዘውትረው የሚመጡት ከበታቼ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። «ልጄ፣ ሚስት የለህ፣ ላም የለህ፣ ምነው እንዲህ ትከሳለህ?» እያሉ ይገሥጹኛል። እሳቸው ሲቀሩ ቀኑ ይረዝምብኝ ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ቅጠሉ ላይ ነጫጭ መስመሮች ወጡ። መስመሩ እንደ ክር ቀጥኖ ይጀምርና እየተጠማዘዘ፣ እየሰፋ ሄዶ ድንገት ያበቃል። አንዱን ቅጠል ወደ ፀሐይ ይዤ አየሁት። በላይኛውና በታችኛው የቅጠሉ ቆዳ መካከል አንዲት ደቃቃ ትል ተጋድማ ትበላለች፤ እሷ ስታድግ መንገዷም አብሯት ይሰፋል። ጠርሙስ ውስጥ ካስቀመጥሁት ቅጠል ከቀናት በኋላ ከሰሊጥ ፍሬ የማትበልጥ ጥቁር ዝንብ ወጣች። የዝንቧ ወገን ከዳማከሴው በጓሮዬ ወደ ተከልሁት በሶብላ ተሻገረ፤ በመካከል ያለውን ጎመንና ጤና አዳም ግን አልነካም። የዳማከሴውንና የበሶብላውን ግንድ በጣቴ ሳሽከረክረው አራት ማዕዘን ነው፤ ዝንቧ ዘመዱን ከባዳው ትለያለች ማለት ነው። የማጫውተው ሰው በሌለ ቀን እሷን ሳይ እውል ጀመር።

አንድ ቀን የአሮጊቷ ልጅ ቅጠል ልትወስድ መጣች። መስመሩን አይታ፣ «ይኸ የተጻፈው ምንድን ነው?» አለችኝ።

ትስቃለች ብዬ፣ «መስተፋቅር ነው፤ እኔ ነኝ የጻፍሁት» አልኋት።

አልሳቀችም። ቅጠሉን አጥሩ ላይ ትታው ሄደች።

ምላሴን ብቆርጠው ይሻለኝ ነበር። ከሌላ አገር የመጣሁ፣ ላጤ፣ ሥራዬም መጻፍ! በሳምንቱ አጥሬ ጥግ የሚቆም ሰው ጠፋ። እናቶች ሴት ልጆቻቸውን በሌላ መንገድ ያዞሯቸው ጀመር። ቢጨንቀኝ አንድ ቅጠል በምላጭ ሰንጥቄ ቤቱን ላከራዩኝ ሽማግሌ ትሏን አሳየኋቸው።

«አያ፣ ይዩት፤ የጻፈችው ይቺ ናት።»

ቅጠሉን እያገላበጡ ብዙ አዩት። «ሸጋ ነው» አሉ። «ታዲያ እሷን ማን አስተማራት?»

ቅጠሉን ተቀብያቸው ወጣሁ።

ክረምቱ ሲወጣ አሮጊቷን ምች መታቸው ሲባል ሰማሁ። ቅጠሉን አንድ በአንድ ወደ ፀሐይ እየያዝሁ፣ ጭረት የሌለበትን ብቻ ለቀምሁ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። በነጭ ክር አስሬ ወሰድሁላቸው። ልጅቷ ከደጅ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ፤ «እናቴ ተኝታለች፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በሩን መለሰችው። በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤት ስወርድ እስሩ ከነክሩ አመድ መድፊያቸው ላይ ተጥሎ አየሁት።

ያን ቀን አለቀስሁ፤ ምን ይደበቃል። ከልቅሶው በኋላ ንዴቱ መጣና መጥረቢያ አንሥቼ ዳማከሴውን ከሥሩ ቆረጥሁት። ዳግመኛ እንዳያቆጠቁጥ ጉቶው ላይ የፈላ ውሃ አፈሰስሁበት። በአሮጊቷ ደጅ ማለፉንም ተውሁ፤ እሳቸውም አልመጡ።

በዓመቱ ወደ ጎንደር ተዛወርሁ። ሣጥኔን ወደ ማኪናው መንገድ የሚያወርድልኝን ሰው ስጠብቅ፣ አሮጊቷ በምርኩዝ መጥተው አጥሩ ጥግ ቆሙ። ዓይናቸው ፈዝዞ ነበር።

«ትሄዳለህ አሉኝ» አሉ። «ሳትሰናበተኝ እንዳትሄድ ብዬ መጣሁ። ያን ያህል ታምሜ ስተኛ፣ ከላዬ ተቀምጠህ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላልህም። ምነው ልጄ፣ ምን በደልሁህ?»

ልጅቷ ቅጠል ማምጣቴን እንዳልነገረቻቸው ያን ጊዜ ገባኝ። ልናገር አፌን ከፈትሁ፤ ልጅን ከእናቷ ማጣላት ሆነብኝና ዘጋሁት። «ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» ብቻ አልሁ። ዓመቱን ሙሉ እኔ በእሳቸው፣ እሳቸውም በእኔ አዝነን ከርመናል።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ። «በል፣ ዛሬም ራሴን ይዞኛል፤ ከዚያች ከዳማከሴህ ትንሽ ቁረጥልኝ። ያንተው ይሻለኛል ስላቸው ቤት ያሉት እምቢ ይሉኛል። ጻፍህበት አልጻፍህበት፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን ያደርገኛል?»

እጃቸውን በአጥሩ አሾልከው ቁጥቋጦው በነበረበት ቦታ ቅጠል ፍለጋ ይዳብሱ ጀመር። ቆርጬዋለሁ ማለት አቃተኝና እጃቸውን ያዝሁት።