ድርቆሽ ማሰሪያው የቆመ ሰሞን

ባለፈው ቅዳሜ ወንድሜን ልጠይቅ ወደ ቤቴል ስሄድ አየር ጤና ላይ መንገዱ ተጨናነቀና ታክሲያችን ድርቆሽ ከጫነ አይሱዙ ኋላ ቆመ። ንፋሱ ገለባውን በመስኮት እያስገባ ይበትንብን ጀመር። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ፀጉሯን እያራገፈች ባለመኪናውን ትረግማለች። የእኔ ዓይን የሄደው ወደ ገመዱ ነበር። እያንዳንዱ እስር በሁለት ቦታ ተቋጥሯል፤ ቋጠሮው ጥብቅ ያለ፣ ጫፉም እኩል የተቆረጠ። ጎበዝ መካኒክ አላቸው አልኩ በልቤ። ሌላው ሰው በወጣትነቱ ያፈቀረውን እያስታወሰ ይተክዛል፤ እኔ የምተክዝበት ድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን ነው።

በደርግ ጊዜ፣ ከቀራንዮ ወዲያ ከተማው አልቆ እርሻው በሚጀምርበት ቦታ የመንግሥት የወተት ላም እርባታ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የዚያ ጋራዥ ደረሰኝ። ሴት መካኒክ ብርቅ ስለነበር ጎብኚ በመጣ ቁጥር እኔን ያሳያሉ፤ ጎብኚው ሲሄድ መፍቻ አቀብዪ ይሉኛል። ድርቆሽ ማሰሪያው ግን የእኔ ሆነ፤ ሌላ የሚፈልገው ስላልነበረ። ከትራክተር ኋላ እየተጎተተ የታጨደውን ሣር ይለቅማል፣ ይጠቀጥቃል፣ በቃጫ ገመድ አስሮ በጀርባው ይጥላል። አመለኛ ነበር። እኔም አመለኛ ስለሆንኩ ተግባባን።

ጥቅምት ገባ፤ ሣሩ ደረቀ፤ አፈሳውም ጠና። ላላየው ሰው፣ አፈሳ ማለት የቀበሌ ጥበቃዎች ወጣት ወንድ ከመንገድ፣ ከቤት፣ ከኳስ ሜዳ እያፈሱ ወደ ጦር ማሠልጠኛ የሚልኩበት ነው። ታናሽ ወንድሜ ተካ ገና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ ቁመቱ ግን አሳጣው። እናቴ አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ "እዚያ ግቢሽ አስገቢልኝ፣ ከሰው ዓይን ይራቅ" አለችኝ። ሣር የሚያገላብጥ የቀን ሠራተኛ አድርጌ አስገባሁት። ብዙም ሳይቆይ ጥበቃዎቹ በሥራ መውጫ ሰዓት በሩ ላይ ቆመው የሚወጣውን ወጣት ሁሉ መኪና ላይ ጫኑት። ተካ እኔን ሊጠብቅ ጋራዥ ተቀምጦ ስለነበር አመለጠ። ከዚያ ወዲያ በየቀኑ መጡ። አንዳንዴም ግቢውን ዞረው ይፈትሻሉ። ልጄን አሽሺልኝ የተባልኩት እህቱ ወጥመድ ውስጥ አስገብቼው ቁጭ አልኩ።

መጋዘኑን የሚጠብቁት ጋሽ ደስታ የሚባሉ ከከፋ ክፍለ ሀገር የመጡ ሰው ነበሩ። አንድ ልጃቸው በአፈሳ ሄዶ ደብዛው ጠፍቷል። ጉዳዬን ስነግራቸው ብዙም አላሰቡ።

"ክምሩ መሃል ክፍል እንሠራለታለን" አሉ። "ሳል አለበት?"

"የለበትም፣ ጋሼ።"

"ድርቆሽ ውስጥ ገብቶ የማያስል የለም። ሻሽሽን ስጪው፣ አፉን ይሰርበት።"

እስሮቹን እንደ ብሎኬት ደርድረን መሃሉን ባዶ ተውነው። ተቀምጦ ቀና የማይባልበት፣ ተኝቶ እግር የማይዘረጋበት ጉድጓድ ነበር። ከጀርባ በኩል አንድ እስር ሲሳብ መግቢያ ይሆናል። ሰው ሁሉ ምሳ ሲወጣ እኔ ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዤ እገባለሁ። ተካ እንጀራውን በጨለማ እየዳበሰ ይበላና ሁልጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፤ "ውጪ ፀሐይ ነው?" ነው እለዋለሁ። ማታ ቤት ስገባ እናቴ ደግሞ "በላ?" ትለኛለች። በላ እላታለሁ። ሌላ ወሬ ከቤታችን ጠፋ።

ድርቆሹ ወደ ሌሎች እርባታዎች ይላክ ስለተባለ መኪናዎች ከፊት ለፊት እያነሱ ይጭናሉ፤ ማሽኑ እስከሠራ ድረስ ጋሽ ደስታ በተነሳው ቦታ አዲስ ይተካሉ። በዚህ መሃል ማሽኑ ቆመ። ገመዱን የምትቋጥረው እንደ ወፍ ምንቃር የታጠፈች ትንሽ ብረት ናት። የአገራችን ቃጫ ሸካራ ነውና ሞርዶ ሞርዶ ጨርሷታል። እስሩ ከማሽኑ ወርዶ መሬት ሲነካ ይፈታል። መለዋወጫ ደግሞ በዚያ ዘመን ስሙ እንጂ ራሱ የለም።

ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ መኪናዎቹ ትንሽ ቢቆዩስ አልኳቸው።

"ለምን ይቆያሉ?" አሉኝ። "ያለውን ያንሱ። ሲሠራልሽ ትሞዪዋለሽ።"

"እሺ ጓድ" ብዬ ወጣሁ። አንድ መኪና ጭኖ በወጣ ቁጥር ከወንድሜ ፊት አንድ ረድፍ ይጎድላል። መቸኮሌን ማንም እንዳያውቅብኝ እያፏጨሁ እሠራ ነበር። ምንቃሯን በብየዳ ሞልቼ በሞረድ ቀረጽኳት። ወፈረችና ገመዱን በጠሰችው። አሳሳኋት፤ ቋጠሮው አመለጣት። እንደገና በየድኩ፤ ስንጥቅ አወጣች። ብረቷን ወርውሬ እንደ ሕፃን አለቀስኩና ተመልሼ ገለባ ውስጥ በርከክ ብዬ ፈለግኳት። ጋሽ ደስታ መጥተው ከፊት የቀረው አንድ ረድፍ ብቻ መሆኑን በጆሮዬ ነገሩኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ፣ ስንጥቋን በብየዳ ደፍኜ፣ ምንቃሯን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት እንደ መስታወት አለስልሼ ገጠምኳት። ትራክተሩ ተነሳ። የመጀመሪያው እስር ወርዶ መሬት ላይ ተንከባለለ። ረገጥኩት። አንስቼ መሬት ላይ ፈጠፈጥኩት። አልተፈታም። ሜዳው መሃል ቆሜ ስስቅ ባለትራክተሩ ያበድኩ መስሎት ሞተር አጠፋ፤ አስነሳ ብዬ ጮህኩበት። ፀሐይ እስክትጠልቅ አሰርን። ግድግዳው ሞላ፤ እኔም ያን ማታ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በኅዳር መጨረሻ አፈሳው ጋብ ሲል ጋሽ ደስታ ተካን ከድርቆሽ ጋር አስጭነው ጅማ ዘመዶቻቸው ዘንድ ላኩልን። ተረፈ። በሩ ላይ ከተያዙት ጓደኞቹ ያልተመለሱ አሉ። ይህን ታሪክ በየበዓሉ፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ምንቃሯን ጣቴን አጥፌ እያሳየሁ አወራዋለሁ። ተካ ታሪኩ ሲጀመር ተነስቶ ወደ ውጪ ይወጣል። ሰልችቶት ነው እል ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ቤቱ ደርሼ ስላየሁት ድርቆሽ፣ ስለ ቋጠሮው ነገርኩት። ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሻዩን እያማሰለ፣

"እትዬ፣ ያኔ ማሽኑ ሲቆም ምን እንዳደረግኩ ነግሬሽ አላውቅም" አለኝ።

"ምን አደረግክ?"

"ግድግዳው ሲሳሳ በእስሮቹ መሃል ብርሃን ገባ። መጀመሪያ እጄን አየሁ። ከዚያ በሩን፣ ከበሩ ወዲያ ሜዳውን። ይምጡና ይውሰዱኝ አልኩ። የትም ይሁን፣ ብቻ ቆሜ ልሂድ። ጫማዬን አስሬ ተቀመጥኩ። ከዚያ የማሽንሽ ድምፅ ተሰማኝ።"

"ታዲያስ?"

"ታዲያማ ግድግዳው ሊሞላ ነው ብዬ ጫማዬን ፈታሁ።"

መጀመሪያ ተናደድኩ። ሄደህ ብትሞት ኖሮ ይህን ሻይ ማን ያማስል ነበር ልለው አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። እሱ ቂም ይዞ አልነበረም፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው ነበር የተናገረው። ማሽኑ ዛሬ ቢሰበር ዛሬም እጠግነዋለሁ፤ ይህን አልደብቅም። ከቅዳሜ ወዲህ ግን ያን ረፋድ ባሰብኩት ቁጥር፣ እኔ ሜዳው ላይ ስስቅ፣ እሱ ክምሩ ውስጥ አጎንብሶ ጫማውን ሲፈታ አየዋለሁ።