ጮቄ ሆኜ የቆምኩ ቀን

ባለፈው ቅዳሜ፣ ደብረ ማርቆስ ገበያ ውስጥ ባለችው ሱቄ ደጃፍ ላይ አዲስ የገባውን የልባሽ ጨርቅ ቦንዳ ስፈታ፣ ከሹራብና ከሕፃናት ኮት መሀል አንዲት የአንድ እግር ጫማ ወደቀች። ሮዝ ናት፣ ረጅም ጥብጣብ አላት፣ ስስ ናት፤ ጣት የሚገባበት ጫፏ ግን እንጨት እንደተወተፈበት ሁሉ ድርቅ ያለ ነው። አፍንጫዬ ላይ አድርጌ ሳሸታት የሙጫና የቆየ ላብ ሽታ አላት። ጎረቤቴ ስመኝ፣ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠዋ፣ ጆጎቿን እየደረደረች አየችኝና፣

«ወይ ጉድ! አያ ልየው፣ ይቺን ደግሞ ለማን ሊሸጧት ነው? ጣት የሌለው ሰው ይፈልጉ እንጂ!» አለች።

ዋጋ ሳልጠራ፣ ጫማዋን ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ። እኔ ዋጋ ሳልጠራለት ያለፈ ዕቃ በዚህ ገበያ አይታወቅም፤ ስመኝም «አመመዎት እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ።

እንዲህ ያለች ጫማ በዓይኔ ሳይ ያ የመጀመሪያዬ ነው። በወሬ ግን ከጎረምሳነቴ ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ጓድ ታምሩ በቀበሌው አዳራሽ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ስሎልን ነበር።

ጊዜው የደርግ ነው። ቀበሌ ሁሉ የራሱ የኪነት ቡድን ነበረው፤ የእኛም ቀበሌ ስለ ዳንስ ምንም የማያውቅ ወጣት ሰብስቦ ጓድ ታምሩን አስተማሪ አደረገልን። ጓድ ታምሩ ሶቭየት ሄዶ ዳንስ ተምሮ የመጣ፣ አንገቱ ረዘም ያለ፣ ቆሞ እንኳ ሲያወራ ተረከዙን ከተረከዙ የሚያጋጥም ሰው ነበር። ለምን ደብረ ማርቆስ እንደተመደበ እኛ አልጠየቅነውም፤ እሱ ግን አንዳንዴ እግራችንን አይቶ ዝም ሲል ራሱን የሚጠይቅ ይመስለኝ ነበር። ልምምድ ከመጀመራችን በፊት ሁልጊዜ ታሪክ ይነግረናል። ባሌት የተጀመረው በነገሥታት አዳራሽ ነው ይላል፤ «ነገሥታት» ሲል ድምፁን ዝቅ ያደርግና በሩን አየት አድርጎ «ፊውዳሎቹ ማለቴ ነው» ብሎ ያርማል። ንጉሡ ራሱ፣ ዘውድ የጫነው ሰውዬ፣ በመኳንንቱ ፊት ይደንስ ነበር ሲለን እኛ ሳቃችን አልቆም ይለናል። ከዚያ ሴቶቹ መጡ፣ ከመሬት የተላቀቁ እንዲመስሉ በጣታቸው ጫፍ መቆም ጀመሩ፣ ለዚያ ብሎ ጫማ ሠሪው ጨርቅና ሙጫ ደራርቦ ያቺን ደረቅ ጫማ ሠራ። ኋላ ደግሞ አንዲት ሴት ተነስታ ጫማውን አውልቃ ጣለችውና በባዶ እግሯ ደነሰች፤ ከእሷ ወዲያ የመጡት ጭራሽ መሬት ላይ መውደቅንም ዳንስ አደረጉት፤ ዘመናዊ ዳንስ የሚባለው ይኸው ነው።

«እኛስ የት ላይ ነን፣ ጓድ?» ብሎ አንዱ ጠየቀው።

ጓድ ታምሩ ባዶ እግራችንን ተራ በተራ አየና፣ «እናንተ ጫማውን ዘላችሁ ዘመናዊው ላይ ደርሳችኋል» አለ።

ለአውራጃው ውድድር ያዘጋጀልን ዳንስ ከጨለማ ወደ ብርሃን የሚሄድ ነበር፤ በዚያን ጊዜ ከጨለማ ወደ ብርሃን የማይሄድ ነገር አልነበረም። ጨለማ የሚሆኑት ልጆች ጥቁር ብርድ ልብስ ለብሰው ይርመሰመሳሉ፤ ከመሀላቸው ተራራ ብድግ ይላል፤ ከተራራው ላይ ፀሐይ ትወጣለች። ተራራው፣ ጮቄ፣ እኔ ነኝ። የተመረጥኩት ዳንስ ስለምችል አልነበረም። ትምህርቴን ከጓደኞቼ ሁሉ ቀድሜ፣ ስድስተኛ ክፍል ላይ፣ ጨርሼ ወፍጮ ቤት ጆንያ እሸከም ስለነበር ትከሻዬ ታይቶ ነው። ፀሐይዋ ትርንጎ ናት። ወገቧን ይዤ ከራሴ በላይ አነሳታለሁ፣ እሷ እጇን ዘርግታ ወደ ጣሪያው ታያለች፣ እኔ ፊት ለፊት እያየሁ እንደ ድንጋይ እቆማለሁ፣ አኮርዲዮኑ እስኪጨርስ።

በመጀመሪያው ልምምድ ላይ ጣልኳት። ከሣር ፍራሽ ላይ ተነስታ ፀጉሯን እያራገፈች፣ «የጤፍ ጆንያ መሰልኩህ እንዴ?» አለችኝ።

«ጆንያ አይራገጥም» አልኳት።

ሳቀች፤ ግን ፊቷ ወዲያው ተመለሰ። «ልየው፣ አንተ ብቻ አትጣለኝ። ሌላውን ለእኔ ተወው።»

ያ «ሌላው» ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ትርንጎ የዲማ ልጅ ናት፤ አባቷ መሪጌታ፣ ደብተራውን ሁሉ እግራቸው ሥር አስቀምጠው ያስተማሩ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ሰው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል። ማርቆስ የመጣችው አክስቷ እትዬ ዘውዴ ዘንድ ሆና ልትማር ነው፤ እትዬ ዘውዴም ለወንድማቸው ልጅትዋ ከትምህርት በኋላ ልብስ ስፌት ትማራለች ብለው ነበር። የኔታ በእስክስታ የሚቆጡ ሰው አይደሉም፤ ልጅ በበዓል ቀን ከእኩዮቿ ጋር ትከሻዋን ብታንቀጠቅጥ ምን ይሏታል። ግን ጎረምሳ ወገቧን ይዞ ሕዝብ ፊት አየር ላይ ሲሰቅላት ቢሰሙ፣ በማግስቱ ወደ ዲማ እንደሚወስዷትና እዚያ የተመረጠላት ባል እንደሚጠብቃት ማንም አይጠራጠርም። ቡድናችን ካሸነፈ ደግሞ ጎልቶ የታየው አንዱ ሰው አዲስ አበባ ለዳንስ ሥልጠና ይላካል ተብሏል። ትርንጎ ከመሬት ከተነሳች አዲስ አበባ፣ አባቷ ካወቁ ዲማ፤ መሀሉ ላይ ያለው የእኔ ክንድ ብቻ ነበር፤ እሱም አስተማማኝ አልነበረም።

የውድድሩ ቀን በድምፅ ማጉያ ከየቤቱ አንድ ሰው አዳራሽ እንዲገኝ ተለፈፈ። ያልተገኘ ቤት ከኅብረት ሱቁ የስኳርና የሳሙና ወረፋው ይሰረዛል፤ በዚያ ዘመን ለጥበብ የነበረን ፍቅር ትልቁ ምክንያት ስኳር ነበር። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ አቡጀዲው ላይ ባለች ቀዳዳ፣ ሕዝቡን ለማየት ጎንበስ አልኩ። ሴቶች አየሁ፣ ልጆች አየሁ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ የጥበቃ ጓድ አየሁ። ከዚያ የፊተኛው ረድፍ መሀል ላይ አንድ ትልቅ ነጭ ጥምጣም አየሁ። ከሥሩ መቋሚያ ይዘው፣ ጀርባቸውን አቅንተው፣ የኔታ ተቀምጠዋል።

ነገሩ ኋላ ነው የገባን። እትዬ ዘውዴ በዚያ ሰሞን እግራቸው አብጦ አልጋ ላይ ነበሩ፤ የኔታ ደግሞ ምስር ተሸክመው ከዲማ በእግራቸው እህታቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ለፈፋው ሲሰማ እህትየው «ስኳሬ ሊቀር ነው» ብለው ሲያዝኑ ጊዜ፣ የኔታ «እኔ ሄጄ እቀመጥልሻለሁ፤ መቀመጥ ነው እንጂ ሌላ ምን አለበት» ብለው ተነሱ። እትዬ ዘውዴ ምን ብለው ይከልክሏቸው? ለቀበሌው ሊቀመንበር ደግሞ ጥምጣም የጠመጠሙ አዛውንት ከኋላ ማስቀመጥ ነውር ሆኖበት፣ ከዳኞቹ አጠገብ አስቀመጣቸው።

ሄጄ ጓድ ታምሩን፣ «ጓድ፣ አባቷ መጥተዋል። ማንሳቱን እንተወው» አልኩት።

«ፀሐይዋ ካልወጣች ምን ልናሳይ ነው? ጨለማ?» አለኝ በሹክሹክታ። እሱም ላብ አጥምቆታል።

ትርንጎ ወገቧን እያሰረች ሰምታናለች። ሄዳ በቀዳዳዋ አየች። ረጅም ጊዜ አየች። ወደ እኛ ስትዞር ፊቷ እንደ አመድ ነው፤ የተናገረችው ግን «ጥምጣማቸውን አጥበውታል» ብቻ ነበር። ቀጥላ እኔን እያየች፣ «መድረክ ላይ ቆሜ ካዩኝ ያው መውሰዳቸው አይቀርም። ግማሹን አይተው ከሚወስዱኝ፣ ሙሉውን አይተው ይውሰዱኝ» አለች።

አቡጀዲው ተከፈተ። ብርድ ልብስ የለበሱት ጨለማዎች እየተንከባለሉ ወጡ፣ ከበሮው ተመታ፣ አኮርዲዮኑ አለቀሰ፣ እኔም ከመሀል ብድግ አልኩ። መድረኩ የሲሚንቶ ነበርና ብርዱ ከውስጥ እግሬ እስከ ጥርሴ ይሰማኛል። ትርንጎ በባዶ እግሯ ሮጣ መጣች፤ ወገቧን ያዝኩ፤ ተነሳች። ያን ቀን እንደ ልምምዱ አልከበደችም፣ እንደ ልምምዱም አልቀለለችም፤ ምን እንደነበረች ዛሬም አላውቅም። እሷ እንደታዘዘችው ወደ ጣሪያው ታያለች። እኔ እንደታዘዝኩት ፊት ለፊት አያለሁ። ፊት ለፊት ያሉት ደግሞ የኔታ ናቸው።

የኔታ ተነሱ። መቋሚያቸው ሲሚንቶው ላይ ቀጭ ብሎ ሲያርፍ ሰማሁት። ፊታቸው የቁጣ ፊት ነው፣ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም እንዲያ ያለ ቁጣ አላየሁም። አፋቸውን ከፈቱ። ሊጮሁ ነው፣ አለቀ፣ አልኩ። ክንዴ ከብብቴ ጀምሮ መንቀጥቀጥ ያዘ። ዓይናቸው ግን፣ ይህን ያኔውኑ ታዝቤያለሁ፣ ፊቴ ላይ አልነበረም፤ ክንዴ ላይ ነበር።

ድምፅ አልወጣቸውም። በምትኩ ከጀርባቸው ትልቅ መንኮሻኮሽ ተሰማ። የእኛ አገር ሰው አዛውንት ቆመው አይቀመጥም፤ ያውም ጥምጣም የጠመጠሙ፣ ያውም የኔታ። ለምን እንደተነሱ ማንም አልጠየቀም። ከኋላቸው ያለው ረድፍ ተነሳ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ተነሳ፣ ያንቀላፋው ጥበቃ ሳይቀር ነጠላ ሸማውን እየሰበሰበ ተነሳ። ዳኞቹ ዞረው አዩና ሕዝቡ በዳንሱ ተነክቶ የተነሳ መሰላቸው፤ እነሱም ተነሱ፤ አንዱ ማጨብጨብ ጀመረ፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። የኔታ አፋቸውን እንደከፈቱ በዚያ ሁሉ ጭብጨባ መሀል ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ዘጉት። አኮርዲዮኑ ሲያበቃ ትርንጎን ቀስ አድርጌ መሬት አስረገጥኳት፤ የኔታም ያኔ ተቀመጡ፤ አገሩም አብሮ ተቀመጠ።

ሊቀመንበሩ እየሮጠ ሄዶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው። «የኔታ፣ ሕዝቡን እኮ አስነሱልን!» አላቸው። አሸነፍን።

ትርንጎ በሩ ላይ ጉልበታቸውን ስማ ቀና ሳትል ቆየች። እኔ ከግድግዳው ተለጥፌ ትንፋሼን ውጬ ነው የምሰማው። የኔታ መቋሚያቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ብርድ ነው። ጫማሽን አድርጊ» አሏት። ከዚያ ሌላ ነገር አልተናገሩም። አዲስ አበባ ልትሄድ በአውቶቡስ ስትሳፈር አጠገቧ ተቀምጠው እስከ ደጀን ሸኟት፤ አውቶቡሱ ወደ ዓባይ በረሃ መውረድ ከመጀመሩ በፊት ወርደው ወደ ዲማ ሄዱ።

ትርንጎ ዛሬም በዓል ሲመጣ ስትደውልልኝ ያን ቀን ታነሳለች። ከላይ ሆና ጭብጨባውን ስትሰማ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ አየች፤ ከአዳራሹ ሁሉ ቀድመው የቆሙት አባቷ ናቸው። «አባቴ እኮ ተነስተውልኛል» ትላለች፤ አዲስ አበባ በባዕድ ቤት ስታድር፣ ስትራብ፣ ከኋላ ረድፍ ስትደንስ፣ ያቆመኝ እሱ ነው ትላለች። እኔ ፊታቸውን ያየሁት ሰው ዝም እላለሁ።

መንግሥት ተለወጠ፣ ኪነቱ ተበተነ፣ ጓድ ታምሩም ሻንጣውን ይዞ ሄደ፤ አዳራሹ ዛሬ የዱቄት መጋዘን ነው። እኔ ሱቅ ከከፈትኩ ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንድ የክረምት ጠዋት፣ የኔታ ጎብጠው ኮት ሊገዙ መጡ። አላወቁኝም ብዬ ነበር። ኮቱን እየዳበሱ፣

«የዚያን ቀን ከብዳህ ነበር?» አሉኝ።

«አልከበደችም፣ የኔታ።»

«ክንድህ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ እኮ» አሉ። «የተነሳሁት አውርዳት ልልህ ነበር። አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን፣ ይህ ልጅ ደንግጦ ይለቃታል ብዬ ፈራሁ። ያን ጊዜ ዝም አልኩ። እንደዚያው ዝም እንዳልኩ ቀረሁ።»

ቀጥለው ምንም እንዳልተናገርን ሁሉ በኮቱ ዋጋ እስክንጣላ ድረስ ተከራከሩኝ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆዩም፣ አረፉ። ለትርንጎ የነገሩኝን አልነገርኳትም፤ ለእሷ መንገር ቢፈልጉ ኖሮ አብረው ደጀን ድረስ ሲሄዱ ይነግሯት ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ደወልኩላት። «የባሌት ጫማ አገኘሁ» አልኳት።

እሷም ጠየቀችኝ፤ «የየትኛው እግር ናት?»

«ቀኝና ግራ የላትም፤ አገላብጬ አይቻታለሁ።»

«ልክ ነው፣ የላትም» አለችና ሳቀች። «የእኔ ጉልበት እኮ አሁን ደረጃም አልወጣም ብሏል። አባቴ ቢያዩዋት ምን ይሉ ነበር?»

«ብርድ ነው፣ አድርጊያት ይሉሽ ነበር» አልኳት። መሳቅ ጀምራ መሀል ላይ አቋረጠችው።

ጫማዋን የምሸጣት አይደለችም። ገበያተኛ እንዳይነካካት ከላይ፣ ከጣሪያው ሥር ካለችው ምስማር ላይ በጥብጣቧ ልሰቅላት ክንዴን አነሳሁ። ክንዴ ጆሮዬ ጋ ሲደርስ ቆመ። ገፋሁት፤ አልሄደም። ያች እፍ ቢሏት የምትበር ጫማ ከጣቴ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላ ትወዛወዛለች።

«ከበደችዎት እንዴ?» አለች ስመኝ ከበሩ ላይ ሆና።

«አልከበደችም» አልኳት። ክንዴ ይንቀጠቀጥ ነበር።