ለእንግዳ የጸዳ ግድግዳ

ባለፈው ክረምት የባሮ ወንዝ ሞልቶ ግቢያችን ከገባ ወዲህ የልጄ መኝታ ክፍል ግድግዳ አልደረቀም። ቤቱ የመሥሪያ ቤቴ ነው። ከአልጋዋ ራስጌ ጥቁር ሻጋታ ወጣ፤ እኛ እንጠርገዋለን፣ እሱ ይመለሳል። ልጄ ደግሞ አስም አለባት። ጠዋት ጠዋት ደረቷ ሲያፏጭ የሰማሁት ድምፅ ቀኑን ሙሉ ሥራ ቦታ ይከተለኛል። ነርስ ነኝ፤ ለሰው የምሰጠው ምክር ለራሴ ሲሆን ይጠፋብኛል።

የመሥሪያ ቤታችን የቤቶች ኃላፊ ኒውላንድ ሰፈር ያለ አንድ ደረቅ ባዶ ቤት ሊሰጠን ፈቃደኛ ነበር፤ ግን ያላችሁበት ቤት ለጤና እንደማይሆን ማስረጃ አምጣ አለኝ። የመድኃኒት መጋዘናችንን ሊመረምር ከአዲስ አበባ የመጣ የአየርና የእርጥበት ባለሙያ ነበርና ለምኜው ወደ እኛም ጎራ ሊል ተስማማ። የውስጡ አየር ከውጪው እንዳይቀላቀል ከዋዜማው ጀምሮ በርና መስኮት ዝጉ፣ ግድግዳውንም እንዳትነኩ ብሎ አስጠነቀቀኝ። ለባለቤቴም ይህንኑ ነገርኳት። በጋምቤላ ሙቀት መስኮት ዘግቶ ማደር ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ልጅቷን ግቢያችን ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር አጎበር ሰቅለን አስተኛናት፤ እኛ ውስጥ እንደ ድንች ተቀቅለን አደርን። እሷ ግን ሳታፏጭ ነቃች።

ጠዋት ባለሙያውን ይዤ ስመለስ ቤቱ በረኪና በረኪና ይላል። መስኮቶቹ ወለል ብለው ተከፍተዋል፣ ግድግዳው ነጥቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ለስላሳና ብስኩት ቀርቧል። ባለቤቴን ጓዳ ጠርቼ ምን ነካሽ አልኳት።

«እንግዳ እየመጣ ያንን ጥቁር ነገር ላሳየው?» አለችኝ። «ምን ዓይነት ሴት ናት አይልም?»

ደሜ ፈላ። ግን እሷም እኔም ያደግነው እንዲሁ ነው፤ ለሚመጣ ሰው ቤት ይጸዳል።

ባለሙያው ከሰዓት በኋላ አውሮፕላን ስለነበረበት ሌላ ቀን የሚባል ነገር አልነበረም። በትንሽ ፓምፕ አየር እየሳበ፣ ሻጋታ የሚያበቅል ነገር ወዳለበት ክብ ሳህን አስገባ፤ አንዱን መኝታ ክፍሉ ውስጥ፣ አንዱን ለማነጻጸሪያ ማንጎው ሥር። የእርጥበት መለኪያውን ወደ ነጣው ግድግዳ ሲያስጠጋው መሣሪያው እርጥብ ነው ብሎ ጮኸ።

ከቀናት በኋላ ውጤቱን በስልክ ነገረኝ። የውስጡ ሻጋታ ከውጪው ያነሰ ነበር። ይህ የዚያችን ሰዓት አየር ብቻ ነው የሚናገረው፣ ያውም በመስኮት የገባውን፤ ግድግዳው እርጥብ እስከሆነ ድረስ ሻጋታው ይመለሳል አለ። እንደገና ለመለካት የሚመጣው ግን ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ለቤቶች ኃላፊው ሁሉንም አስረዳሁት። እሱ የያዘው «ያነሰ» የሚለውን ብቻ ነው።

«ከውጪ ካነሰማ ቤቱ ጤነኛ ነው» አለኝ። ስለ እርጥበቱ ስነግረው፣ በክረምት እዚህ ያልረጠበ ግድግዳ የት አለ ብሎ ሳቀ። የኒውላንዱ ቤት ለሌላ ሰው ተሰጠ። ተናደድኩ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጥ ነበር።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ የምትተኛው ማንጎው ሥር ሆነ፤ ትንፋሿም ተሻለ። ዝናቡ ሲጠና ግን አጎበሩን አውርደን ወደ ክፍሏ መለስናት። አልጋዋን በተቻለ መጠን ከግድግዳው አራቅሁት። ጥቁሩ ከበረኪናው ሥር እንደገና ብቅ ብሏል።

«አባዬ፣ ከውጪ ውስጡ ይሻላል ብለዋል አይደል?» አለችኝ።

እናቷ ፊቷን አዞረች። እኔም አዎ ብያት፣ የምትስበውን መድኃኒት እጇ የሚደርስበት ቦታ አስቀመጥኩላት።