የተወለወለው የቡና አልጋ

እህቴን ዙቤይዳን የቀበርናት ዓምና ረመዳን ሊገባ ሲል ነው። ለተዝያ ሊያጽናናን የመጣው ሰው ሁሉ፣ ከጅማው ከሄርማታ ሰፈር ነጋዴዎች ጀምሮ እስከ ትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህር እስከ አቶ ከፈለ ድረስ፣ «ታጋሽ ሰው ነበረች» እያለ ተቀመጠ። ሻይ ቀዳሁላቸው። ዙቤይዳ ታጋሽ አልነበረችም። ቁጡ ነበረች። ከልጅነቷ ጀምሮ ቁጡ ናት፤ አስተማሪ ስትሆን ደግሞ ባሰባት። ሰው የማላውቃትን ሴት ቀብሮ እንዲሄድብኝ አልፈልግም።

ሳይንስ ነበር የምታስተምረው፣ አራተኛ ክፍል። ከሁሉ በላይ የሚያበሳጫት ፈጣን ልጅ ሥራውን ጨርሶ እጁን አጣምሮ ሲቀመጥ ማየት ነበር። ክፍሉ በልጅ የታጨቀ ነው። መምህሩ ላልገባው ሲደግም፣ ቀድሞ የገባው ምን ይሥራ? ይረብሻል። ሲረብሽ ይንበረከካል።

«ስለፈጠነ እኮ ነው የሚቀጣው» ትለኝ ነበር ማታ ሽንኩርት እየከተፈች። እሷ ስትናደድ ወጣችን በደቃቅ ሽንኩርት የተሠራ ይሆናል። ደህና ስትውል ሽንኩርቱ እንደ ሰው ጣት የወፈረ ነው።

አቶ ከፈለን ለምና ለምና የድሮውን የቤተ ሙከራ ክፍል ቁልፍ አገኘች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆች ልትሰበስብበት። እሳቸው ከየክፍሉ አንደኛ የወጡትን ውሰጂ አሏት። እሷ ግን የትምህርት ቤቱን ድምፅ ማጉያ ፈትቶ መልሶ መግጠም ያቃተውን አኒስን ወሰደች። መምህሩን በጥያቄ አስጨንቃ ከክፍል የተባረረችውን ቲቲን ወሰደች። ሱሀይላን ለዙቤይዳ የጠቆማት ማንም የለም፤ ይቺ ልጅ የሰው የቤት ሥራ እየሠራች በብስኩት ስትሸጥ ዙቤይዳ ራሷ ያዘቻት።

በቅዳሜው ክፍል መጽሐፍ አይገለጥም ነበር። ልጆቹ ቤታቸው የሚያስቸግር አንድ ነገር ይዘው ይመጣሉ፤ ይከራከራሉ፤ አንዱን ይመርጣሉ፤ ከዚያ የሚያቃልለውን ነገር በእጃቸው ይሠራሉ። ሲበላሽ እንደገና ይሠራሉ። ዙቤይዳ ምስማር እንኳ አታቃናላቸውም። ወላጅ መጥቶ «ማሎ፣ እባካችሁ፣ እስቲ እኔ ልያዝላችሁ» ሲል በሩ ድረስ ትሸኘዋለች።

ሱሀይላ ያመጣችው ችግር ዝናብ ነው። የምትኖረው ሄርማታ አክስቷ ዘንድ ሲሆን እናቷ ከድጃ የቡ በሚባል አገር ቡና አላቸው። ቡናውን የሚያደርቁት ከመሬት ከፍ ባለ የእንጨት አልጋ ላይ ነው። በኅዳር ድንገት ሲያካፋ ከድጃ ብቻቸውን ናቸው፤ ላስቲኩን በዚህ ጫፍ ሲስቡት ንፋስ በዚያ ጫፍ ይገልጠዋል። ቡናው ይርሳል፤ ይሻግታል። አንድ ሰው፣ አንድ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ ሙሉውን አልጋ እንዴት ይሸፍን? ጥያቄው ይኸው ነበር።

የመጀመሪያው ሥራቸው ውሃውን መሐል ላይ እንደ ከረጢት ቋጠረና ተቀደደ። ሁለተኛው ላይ ቀርከሃ አጉብጠው ጣራ አበጁለት፤ ላስቲኩን የሚስበው ገመድ ግን ቀርከሃው ላይ ተያዘ። ለሦስተኛው አኒስ ከልብስ ሰፊ አጎቱ ባዶ የክር ማጠንጠኛ ለምኖ አመጣ፤ ገመዱ በማጠንጠኛው ላይ እየሾረ ላስቲኩን እስከ ዳር ይዞት ሄደ። በተበሳ ጣሳ ውሃ አዘነቡበት። ቡናው ደረቅ ነበር። ቲቲ ጣሳውን ራሷ ላይ ደፍታ ጨፈረች። ዙቤይዳ ያን ማታ የከተፈችው ሽንኩርት እንደ ሰው ጣት ነበር።

በዚያው ሰሞን የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች የእጅ ሥራ ውድድር በዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ አዳራሽ ውስጥ እንደሚካሄድ ተነገረ። አቶ ከፈለ የልጆቹን አልጋ ሊያዩ መጡ። ዞሩት።

«የዶሮ ቤት ነው?» አሉ።

«የቡና አልጋ ነው» አለች ሱሀይላ። «እናቴ ዶሮ የላትም።»

አቶ ከፈለ ሳቁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ሲወጡ ግን ለዙቤይዳ እንዲህ አሏት፦ «ካሸነፍን ይሄ ክፍል የቅዳሜ ልጆች ሆኖ ይቀራል፤ መሣሪያም አስገዛልሻለሁ። ካላሸነፍን ቁልፉን ትመልሻለሽ። ለዕቃ ማስቀመጫ እፈልገዋለሁ።»

ውድድሩ ሲቃረብ ደዶ ያለችው አክስታችን ሞተችና እኔና ዙቤይዳ ለቀብር ሄድን። ልጆቹን ለአቶ ከፈለ አደራ ብላ ነበር።

አደራውን በራሳቸው መንገድ ተወጡት። ጅማ ቤት እንግዳ ሲጠበቅ መጀመሪያ የሚጠራው አናጢ ነው። የተነቃነቀው ወንበር ይጠገናል፤ የገረጣው በር ይወለወላል። እንግዳ ፊት ጎዶሎ ነገር ማቅረብ ነውር ነው። አቶ ከፈለም የልጆቹን አልጋ ዳኞች ፊት ማቅረብ አሳፈራቸው፤ በርጩማቸው በከተማው ሁሉ ወደሚታወቅላቸው ወደ አናጢው ጋሽ ሸምሰዲን ሱቅ ሄዱ። ጋሽ ሸምሰዲን ለልጆች ነው ሲባሉ ሌላ ሥራቸውን ሁሉ ትተው ሠሩት።

የውድድሩ ዕለት ከደዶ በቀጥታ ደረስን። እኔ ለልጆቹ ዳቦና ሻይ ይዤ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ያየነው ከዋንዛ እንጨት የተሠራ፣ የተወለወለ፣ በአራቱም እግሩ ላይ የቡና ቅጠል የተቀረጸበት ትንሽ አልጋ ነው። መክደኛው መስታወት ነው፤ በማጠፊያ ይከፈታል፤ ይዘጋል። ያምር ነበር። ከፊቱ የልጆቹ ስም በትልቁ ተጽፏል። ልጆቹ በአዲስ ዩኒፎርም ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ቲቲ ጥፍሯን ትበላለች።

«ይሄ የማን ነው?» አለች ዙቤይዳ።

«የእኛው ነዋ» አሉ አቶ ከፈለ። «ሸምሰዲን ትንሽ አሳመረው። ሐሳቡ የልጆቹ ነው።»

«ሐሳባቸው ይሄ አይደለም። መስታወት እርጥበት ያፍናል፤ ቡናው እዚያው ይሻግታል። ገመዱ የት አለ? የልጆቹስ አልጋ?»

«መጋዘን ነው ያለው፤ ማን ይነካዋል? እስቲ ዙቤይዳ፣ ቤትሽ እንግዳ ሲመጣ በተሸረፈ ብርጭቆ ነው ሻይ የምትሰጪው?»

«እነዚህ ሰዎች ሻይ ሊጠጡ አልመጡም። ልጆቹ ምን እንደሚችሉ ሊያዩ ነው የመጡት።»

«ክፍሉን ትፈልጊዋለሽ ወይስ አትፈልጊውም?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

በዚህ መሐል ዳኛዋ ደረሰች። ዶክተር ብርሃንነሽ ትባላለች፤ እዚያው ግቢ የምታስተምር፣ ልጅ ስታነጋግር ዝቅ ብላ ዓይን ለዓይን የምትተያይ ሴት ናት።

«ሱሀይላ አንቺ ነሽ? እንዴት ሠራሽው?»

ሱሀይላ አቶ ከፈለን አየች። ዙቤይዳን አየች። ከዚያ ጀመረች። ዋንዛውን እንዴት እንደመረጠች፣ በየት በኩል እንደላገችው፣ ቅጠሉን መጀመሪያ በእርሳስ ስላ ከዚያ በመሮ እንዴት እንዳወጣችው ተናገረች። በየቀኑ በጋሽ ሸምሰዲን ሱቅ በር ነው ወደ ትምህርት ቤት የምታልፈው፤ የተናገረችው አንድ ስህተት አልነበረውም። መሮው አውራ ጣቷን አንዴ እንደቆረጣት ሁሉ ጨመረች፤ ጣቷንም አሳየች።

«መስታወቱ እርጥበት አያፍንም?» አለች ዶክተሯ።

«ያፍናል» አለች ሱሀይላ ወዲያው። «በጎን መተንፈሻ እበሳለታለሁ። ለቀጣዩ ነው ያቆየሁት።»

ዙሪያውን የቆመው ሰው አጨበጨበ። ቀድመው ያጨበጨቡት አቶ ከፈለ ናቸው።

እህቴን ስትናደድ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን አይቻት አላውቅም። ከንፈሯ ነጭ ሆነ። ልጅቷ ጎበዝ ናት፤ ጎበዝ ልጅ ደግሞ ፊቱ ያቆሙለትን ነገር ሁሉ በጉብዝና ይሠራዋል፤ ውሸትንም ጭምር። አንድ ዓመት ሙሉ ሲበላሽ «ተበላሸ» ማለትን ያስተማረቻት ልጅ በአንድ ጠዋት ይህን ተማረች። አስተማሪዎቿ ደግሞ አጨበጨቡላት።

«ዶክተር» አለች ዙቤይዳ፣ «ይሄን ያሠራነው እኛ ትልልቆቹ ነን። አናጢ ነው የሠራው። የልጆቹ ሥራ ትምህርት ቤት መጋዘን ውስጥ ነው ያለው።»

ዶክተር ብርሃንነሽ ቀስ ብላ ተነሣች። ሱሀይላን አንድ ጊዜ አየቻትና፣ «አመሰግናለሁ» ብላ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች። የሱሀይላ ፊት ግን እንደ በርበሬ ቀላ።

አቶ ከፈለ በር ላይ ጠበቁን። «ክፍሉን በገዛ አፍሽ ዘጋሽው።»

«ልጅቷን ምን እንዳስተማሯት ያውቃሉ?»

«እኔ ዋሺ አላልኳትም።»

«አላሏትም። እዚያ ግን አቆሟት።»

በማግስቱ ቁልፉን መለሰች። ጋሽ ሸምሰዲን ቤታችን ድረስ መጥተው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ወላሂ ዙቤይዳ፣ ለልጆቹ ክብር ብዬ ነው» አሏት። «አውቃለሁ፣ በእርስዎ አልተናደድኩም» አለቻቸው። ተናዳ ነበር። ሽማግሌ ፊት «ተናድጃለሁ» ስለማይባል ነው።

የቅዳሜው ክፍል ወደ በረንዳችን መጣ። ቲቲና አኒስ መጡ፤ ሌሎቹን ወላጆቻቸው ከለከሉ። ሱሀይላ አልመጣችም። ክፍል ውስጥም ዙቤይዳ ስትገባ ፊቷን ወደ መስኮቱ ታዞራለች፤ ስትጠየቅ «አላውቅም» ትላለች፤ ታውቃለች። ዙቤይዳ ይህን ስትነግረኝ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ያ ወር ግን ወጣችን ሁሉ ደቃቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ሱሀይላ በሩን ሳታንኳኳ ገባች። ሰላምታ የለም። በረንዳው ደረጃ ሥር ቆመች።

«አሸንፌ ነበር» አለች።

«አሸንፈሽ ነበር» አለች ዙቤይዳ።

«እርስዎ አፈረሱት። አሁን ልጆቹ ‹አናጢዋ› ይሉኛል።»

ዙቤይዳ ገመድ እየጠቀለለች ቀና ብላ አየቻት።

«እኔ አይደለሁም ያን አልጋ ያመጣሁት። እዚያ አቆሙኝ። የእኔ አይደለም ብል አቶ ከፈለ ይቆጡኛል፤ ዝም ብል ደደብ እመስላለሁ። እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?»

አኒስ ሥራውን አቁሞ ያይ ነበር። ዙቤይዳ የያዘችውን ገመድ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እዋሽ ነበር» አለች። «እንዳንቺ አሳምሬ ባይሆንም። እኔ የተናደድኩት አንቺን እዚያ ባቆሙሽ ሰዎች ነው። ግን ሰው ፊት ከመናገሬ በፊት አንቺን ጎን ወስጄ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁሽም። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«ይቅርታ አልፈልግም። አልጋችንን ነው የምፈልገው። የት አለ?»

እንደ ተኮራረፉ አብረው ወደ ትምህርት ቤቱ መጋዘን ሄዱ። ከዘበኛው ጋር ተጨቃጭቀው ሲመለሱ ሱሀይላ የአልጋውን የእንጨት አጥንት ራሷ ላይ ተሸክማ ነበር፤ ላስቲኩን ዘበኛው ለእንጨት መሸፈኛ ወስዶታል። ዙቤይዳ ዙሪያውን ቃኘችና የጠረጴዛዬን ላስቲክ ሳትጠይቀኝ ገፈፈችው። አበባ ያለበት፣ ለኢድ የገዛሁት ነው።

በረንዳዬ ላይ ቡና አስጥተውበት ውሃ አዘነቡበት። የእኔ ላስቲክ ወፈር ያለ ስለሆነ ጥጉ ላይ ተጣጥፎ ቆመ። ሱሀይላ ጎንበስ ብላ እጇን በአበባው ሥር አስገባችና የራሰ ቡና አወጣች።

«ተበላሸ» አለች ጮክ ብላ።

ማንም አላጨበጨበም። እሷም ማንንም አላየችም። ቁጭ ብላ ገመዱን መፍታት ጀመረች።