የሕግ ትምህርት ቤቱ ሚስቴን መረጠ

ሕግ መማር የእኔ ምኞት ነበር። ይኸን አስቀድሜ መናገር አለብኝ፤ አሁን ዘመድም ጎረቤትም የሚያወራው ምኞቱ ከጥንትም የሚስቴ እንደነበረ አድርጎ ነውና።

ፍኖተ ሰላም ውስጥ የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ክርክር እወዳለሁ። አባቴ ቡሬ አጠገብ የሚያርሱ ገበሬ ናቸው፤ የድንበር ወይም የውርስ ነገር በተነሣ ቁጥር “ቆይ እስቲ፣ ጠበቃዬ ይምጣ” ይሉ ነበር። ጠበቃቸው እኔ ነበርኩ። ሚስቴ ግን የግብርና ባለሙያ ናት። በየቀበሌው እየዞረች ስለ ማዳበሪያና ስለ በቆሎ ዘር ስታስረዳ ውላ፣ ጫማዋ ጭቃ እንደያዘ ትመለሳለች። ስለ ሕግ አንድም ቀን አንሥታ አታውቅም።

ቡሬ ላይ የቅዳሜና እሑድ የሕግ ትምህርት ሊጀመር ነው፣ ዲግሪ ያለው ሁሉ ማመልከት ይችላል ሲባል ወሬውን ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ። “አንቺም አመልክቺ” ያልኳትም እኔው ነኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ብቻዬን መመላለሱን ጠልቼ ነው።

“እኔ? ሕግ ምን ሊያደርግልኝ?” አለች እየሣቀች።

“ባታልፊም በመንገድ ታጫውቺኛለሽ።”

ማመልከቻው ብዙ አስሮጠን። ኢንተርኔት የተቋረጠበት ሰሞን ስለነበር ሁሉም ነገር በአካል ነበር። የሁለታችንንም ትራንስክሪፕት ታሽጎ እንዲላክ ለማድረግ ደብረ ማርቆስ ድረስ የሄድኩት እኔ ነኝ። የእሷ መሥሪያ ቤት የድጋፍ ደብዳቤ ሲያዘገይባት ሄጄ የጨቀጨቅኩትም እኔ ነኝ። ሕግ ለመማር ለምን እንደፈለግን ጻፉ ስንባል እሷ አጭር መልስ ጽፋ ተነሣች። እኔ ቦታው አልበቃኝ ብሎ ተጨማሪ ወረቀት አያያዝኩ።

የጽሑፍ ፈተናውን ሁለታችንም አለፍን። ቃለ መጠይቁ ግን መንገድ ተዘግቶ ተራዘመ። ሲከፈት እኔ ሱፌን ለብሼ፣ እሷ በሥራ ሹራቧ፣ ቡሬ ሄድን።

ፈታኞቹ እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ “አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ምርቱን እኩል ሊካፈሉ መሬቷን ለአንድ ገበሬ ሰጠች። ገበሬው ብዙ ዘመን ካረሰ በኋላ መሬቱ የእኔ ነው አለ። ምን ይላሉ?” ደስ አለኝ። ከሕገ መንግሥቱ ጀመርኩ፤ ስለ ሴቶች መብት ተናገርኩ፤ ስለ ፍትሕ ምንነት ተናገርኩ። በቃህ እስኪሉኝ ድረስ ተናገርኩ።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ “አንቺንስ ምን ጠየቁሽ?” አልኳት።

“ያችኑ ሴትዮ።”

“ምን ብለሽ መለስሽ?”

“እኔማ መልሼ ጠየቅኳቸው። መሬቱ የተለካው በማን ስም ነው? ግብሩን የሚከፍለው ማን ነው? ሲሰጣጡ ማን ነበረ? መሬቱን ብታስመልስስ ማን ያርስላታል? አልኳቸው።”

“ጥያቄ በጥያቄ ይመለሳል እንዴ! አበላሸሽው!”

እጄን ያዝ አድርጋ “ይሁን፣ አንተ ከገባህ ይበቃናል” አለችኝ። ከልቤ አዘንኩላት።

ውጤቱ ሲለጠፍ የእሷ ስም አለ፤ የእኔ የለም። ከላይ ወደ ታች አየሁ፤ ከታች ወደ ላይ አየሁ። ከኋላዬ ቆማ “ተሳስተው ይሆናል” አለች። ከመውደቄ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ማዘኗ ነው።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜና እሑድ ቤቱ የእኔ ሆነ። እሷ ስትመለስ መጽሐፍ ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ላነበው የተመኘሁትን መጽሐፍ እሷ እያዛጋች ታነበዋለች። አንዳንዴ አብሯት ከሚማር ሰውዬ ጋር ስለ ውል ሕግ በስልክ እያወራች ትሥቃለች። ውል ላይ ምን የሚያሥቅ ነገር አለ? ተራ የባል ቅናት ቢሆን ኖሮ በተሻለኝ። ሰውየው ጉዳዬም አልነበረም። እኔ የቀናሁት በሣቁ ነው፤ ያ ሣቅ የእኔ መሆን ነበረበት።

አንድ እሑድ አባቴ ተቆጥተው መጡ። ጎረቤታቸው ድንበር ገፍቶ አርሶባቸዋል። ወንበሬን ጠጋ አድርጌ “በሉ አባባ፣ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ” አልኩ።

በሩን በሩን እያዩ “ቆይ፣ እሷ ትምጣ” አሉኝ።

መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጎረቤትየው ማን እንደሆነ፣ ድንበሩ ላይ ምን እንደነበረ፣ አጥር ወይስ ዛፍ እያለች ጠየቀቻቸው። “አባባ፣ ክሱ አያመልጥዎትም። መጀመሪያ ሽማግሌ ይዘው ያስለኩት” አለቻቸው። አባቴ ለእኔ እሺ ብለውኝ በማያውቁት አኳኋን “እሺ ልጄ” አሉ። በሳምንቱ ተለካ፤ ጎረቤትየውም የገፋውን ለቀቀ።

አባቴ የመጡ ዕለት፣ ሸኝታቸው ስትመለስ ደጅ ተቀምጬ አገኘችኝ።

“ተቀይመሃል?”

“አልተቀየምኩም። ቀንቻለሁ።”

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፌ ወጣ። ታጽናናኛለች ብዬ ነበር፤ አጠገቤ ቁጭ አለችና “እኔም ስቀና ኖሬያለሁ” አለች። “በሰርጉም በለቅሶውም አንተ ስትናገር ሰው ሁሉ ጸጥ ይላል። እኔ ስናገር ግን ወሬው ይቀጥላል። አንድ ቀን እንኳ አስተውለህ ታውቃለህ?”

አላስተዋልኩም ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት ምዝገባ ሲከፈት እንደገና አመለከትኩ። ለቃለ መጠይቁ ያዘጋጀችኝ እሷ ናት። ገበታ ማዶ ተቀምጣ ትጠይቀኛለች፤ ንግግር ስጀምር “አጭር!” ትለኛለች። ሁለት ጊዜ ተናድጄ ተነሥቻለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። በመጨረሻ ስሜ ተለጠፈ።

በመጀመሪያው ቅዳሜ መምህሩ ስሜን ጠርቶ “የእሷ ባለቤት ነህ አይደል? ጎበዝ ተማሪያችን ናት” አለኝ። ነኝ አልኩት። ወደ ቤት ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ያለፈውን ዓመት ውጤቷን ጠየቅኳት። ነገረችኝ። የመንገዱ አጋማሽ ማንኩሳ እስክንደርስ አላናገርኳትም።